ኢልሃን ኦማርና የኦገስቱ ምርጫ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በየሁለት ዓመቱ ሰመር ሲገባ ሚኒሶታ ውስጥ ያው ጥያቄ ይመለሳል። ቡና ላይ ይነሳል፤ ከቅዳሴ መልስ ይነሳል፤ ቴሌግራም ላይማ አያባራም። «ኢልሃን ዘንድሮ ትወድቃለች?» «ሁሌ ከራሷ ፓርቲ ሰው የሚነሳባት ለምንድን ነው?» «እኛን ትወደናለች ወይስ ትጠላናለች?» አንድ በአንድ መመለስ ሰለቸኝና ጥያቄዎቹን እዚህ ሰበሰብኳቸው። ቀኖቹና ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ ኢልሃን ኦማር ማን ናት?

ሚኒያፖሊስን ወክላ አሜሪካ ኮንግረስ (የተወካዮች ምክር ቤት) የገባች ሶማሌ-አሜሪካዊ ዴሞክራት ናት። በ1982 ሞቃዲሾ ተወለደች። ልጅነቷን ያሳለፈችው ባይደዋ ነው። ለቤቱ የመጨረሻ ልጅ ናት። እናቷን ያጣችው ገና በሕፃንነቷ ነው፤ ያሳደጓት አባቷና አያቷ ናቸው። በ1991 የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲፈነዳ ቤተሰቡ ወደ ኬንያ ሸሸ። እዚያ አራት ዓመት በስደተኞች ካምፕ ኖሩ። በ1995 አሜሪካ ገቡ። መጀመሪያ የተቀመጡት አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ ነው (ዘመድ የሌለው አበሻ የማይገኝበት ከተማ)። በ1997 ወደ ሚኒያፖሊስ መጡ። ዜግነት ያገኘችው በ2000 ነው።

ፖለቲካን የቀመሰችው በአያቷ በኩል ነው። እሳቸው እንግሊዝኛ ስለማይችሉ፣ የ14 ዓመት ልጅ ሆና ወደ ሰፈር የፓርቲ ስብሰባ አብራቸው እየሄደች ታስተረጉምላቸው ነበር። ለእናቱ ክሊኒክና ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ሲያስተረጉም ያደገ ልጅ ያለው ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል። እንዲህ ያለ ልጅ ቢሮ አያስፈራውም።

ፖለቲካውን የጀመረችው ከኮንግረስ ነው?

አይደለም። የመጀመሪያው ወንበሯ የስቴቱ ምክር ቤት ነው። እሱም ቢሆን በሰላም የተገኘ አይደለም።

ሚኒያፖሊስ ውስጥ በሴዳር-ሪቨርሳይድና በዩኒቨርሲቲው አካባቢ ያለውን ወንበር ፊሊስ ካን ለ44 ዓመት ይዛው ነበር። በ2014 መሐሙድ ኑር የተባለ ሶማሌ-አሜሪካዊ ተነሳባት። በዚያ ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ የተጠራው የሰፈር የፓርቲ ስብሰባ በድብድብ ተበተነ። ኢልሃን ያኔ ተወዳዳሪ አልነበረችም፤ የአንድ የከተማ ምክር ቤት አባል ረዳት ነበረች። በግርግሩ ተመትታ ተጎዳች። ካን ያንን ምርጫ አሸነፈች።

በ2016 ኢልሃን ራሷ ቀረበች። ካንንም ኑርንም በአንድ ቀን ረታች። በአሜሪካ የስቴት ምክር ቤት የገባች የመጀመሪያዋ ሶማሌ-አሜሪካዊ ሆነች። እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ራሷም የመጣችው ወንበሩን የያዘን የፓርቲዋን ሰው በኦገስቱ የፓርቲው ዕጩ መምረጫ (ፕራይመሪ) ጥላ ነው። በኋላ እሷ ላይ ሲደርስ «ከፓርቲ ወገን እንዴት ይነሳባታል» የሚል ሰው ይህን ረስቶታል።

ታዲያ ኮንግረስ እንዴት ገባች?

በሩ ድንገት ተከፈተላት። በ2018 የኮንግረሱን ወንበር የያዘው ኪት ኤሊሰን ነበር፤ ወደ ኮንግረስ የገባው የመጀመሪያው ሙስሊም። እሱ ለስቴቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግነት እወዳደራለሁ ብሎ የተመዘገበው የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ላይ ነው። የቀረው ጊዜ በሰዓት የሚቆጠር ነበር። ያን ቀን ከተመዘገቡት አንዷ ኢልሃን ነበረች።

ዋና ተፎካካሪዋ ማርጋሬት አንደርሰን ኬሊሐር ነበረች፤ የሚኒሶታ ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የነበረች ሴት። ኦገስት ላይ ኢልሃን 48 በመቶ አገኘች፤ ኬሊሐር 30። ኖቬምበር ላይማ 78 በመቶ ነው ያመጣችው። በጃንዋሪ 2019 ከሚሺጋኗ ራሺዳ ትላይብ ጋር ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ፣ ወደ ኮንግረስ የገቡ የመጀመሪያዎቹ ሙስሊም ሴቶች ሆኑ። ምክር ቤቱ ከ1837 ጀምሮ አዳራሽ ውስጥ ኮፍያ ማድረግን የሚከለክል ደንብ ነበረው። ለሂጃቧ ሲባል ደንቡ ተሻሻለ።

ፕራይመሪ የሚባለው ምንድን ነው? ለምንስ ወሳኝ ሆነ?

ፕራይመሪ ፓርቲው ለዋናው ምርጫ ማንን ያቅርብ የሚለውን መራጩ ራሱ የሚወስንበት ምርጫ ነው። ሚኒሶታ ውስጥ የሚደረገው ኦገስት በገባ በሁለተኛው ማክሰኞ ነው። የዴሞክራቶቹ ፓርቲ እዚህ ለየት ያለ ስም አለው፤ ዲ.ኤፍ.ኤል ይባላል፤ የዴሞክራት፣ የገበሬና የሠራተኛ ፓርቲ ማለት ነው።

የኢልሃን የምርጫ ክልል አምስተኛው ነው። ሚኒያፖሊስን በሙሉ፣ ከዙሪያዋም እንደ ሴንት ሉዊስ ፓርክ፣ ሪችፊልድና ጎልደን ቫሊ ያሉትን ይይዛል። ሴንት ፖል የምትኖሩ፣ እናንተ አራተኛው ክልል ናችሁ፤ በየዓመቱ ሙግት የምትገጥሙት በሰው ምርጫ ነው።

በዚህ ክልል ሪፐብሊካን ካሸነፈ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። ከ1963 ጀምሮ ወንበሩ ከዲ.ኤፍ.ኤል እጅ ወጥቶ አያውቅም። ስለዚህ ኖቬምበር ላይ ያለው ዋናው ምርጫ ለወጉ ነው። ምርጫው ኦገስት ላይ አልቋል። ኦገስት ደግሞ ሰው ሐይቅ ዳር ነው፣ ሰው ዕረፍት ላይ ነው፣ ልጅ ትምህርት ቤት የለም። ድምፅ ሊሰጥ የሚወጣው ሰው ትንሽ ነው። ለእኔ የኢልሃን የምርጫ ታሪክ ጠቅላላ ቁልፉ እዚህ ነው ያለው። ትዊተር ላይ የሚጮኸው ጩኸት ሌላ፣ በዚያ ማክሰኞ ከቤቱ የሚወጣው ሰው ሌላ።

ፓርቲው አስቀድሞ ከደገፋት ፕራይመሪው ለምን ያስፈልጋል?

የፓርቲው ጉባኤ የሚሰጠው ድጋፍ ምክር ነው፤ አያስርም። ድጋፍ ያላገኘው ሰው እንደገና መራጩ ፊት መቅረብ ይችላል። ኢልሃን በ2020፣ በ2022ም በ2024ም የፓርቲውን ድጋፍ አግኝታለች፤ በሦስቱም ዓመት ግን ጠንካራ ተፎካካሪ ቀርቦባታል።

በ2020 ምን ሆነ?

አንቶን ሜልተን-ሞ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ጠበቃና አስታራቂ ተነሳ። ከዚያ በፊት ብዙ ሰው አያውቀውም። ክርክሩ ባጭሩ «እሷ ለዝናዋ ነው የምትሮጠው፤ እኔ ለክልሉ እሠራለሁ» የሚል ነበር። በሦስት ወር ውስጥ ብቻ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ። በዚያው ጊዜ እሷ የሰበሰበችው ግማሽ ሚሊዮን እንኳ አይሞላም። ገንዘቡን ያየ ሁሉ «ዘንድሮ አበቃላት» አለ።

አላበቃላትም። 58 ለ39 አሸነፈች። ከ103 ሺህ በላይ ሰው መረጣት። ጊዜው ጆርጅ ፍሎይድ በሚኒያፖሊስ ፖሊስ በተገደለ በሦስተኛው ወር ነው። ከተማው ገና አልበረደም፤ ሰው ለመምረጥ ወጥቶ ነበር።

በ2022 ለጥቂት ተረፈች የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው ትምህርቱን በተሳሳተ መንገድ ነው የወሰደው።

የቀረበባት ዶን ሳሙኤልስ ነው። ጃማይካ ተወልዶ ያደገ ስደተኛ ነው። በሰሜን ሚኒያፖሊስ፣ ተኩስ በሚበዛበት ሰፈር ለረጅም ጊዜ የኖረ፣ የከተማው ምክር ቤት አባል የነበረ ሰው። እሱን «የሪፐብሊካኖች መልእክተኛ» ብሎ ማጣጣል አይቻልም። ሰፈሩ ያውቀዋል።

የተሟገቱት ስለ ፖሊስ ነበር። በኖቬምበር 2021 የሚኒያፖሊስ ሰው አንድ ጥያቄ ቀርቦለት ነበር፦ የፖሊስ መምሪያው ይቅርና በሌላ የሕዝብ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ይተካ? ኢልሃን ይተካ ብላ ቀሰቀሰች። ሳሙኤልስ አይሆንም አለ። ሐሳቡ በሰፊ ልዩነት ወደቀ። ሳሙኤልስና ባለቤቱ ከሌሎች የሰሜን ሚኒያፖሊስ ነዋሪዎች ጋር ሆነው «ከተማው በደንቡ ልክ ፖሊስ አልቀጠረም» ብለው ከስሰውም ነበር። የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጁን 2022 ለእነሱ ፈረደ። ምርጫው ሁለት ወር ሲቀረው ማለት ነው። ከንቲባው ጄኮብ ፍሬይም ከሳሙኤልስ ጎን ቆመ።

ኦገስት 9 ማታ ቁጥሩ እየገባ ሲሄድ ልዩነቱ ጠበበ። መጨረሻ ላይ ኢልሃን 57,683፣ ሳሙኤልስ 55,217። ልዩነቱ 2,466 ድምፅ ነው። እዚህ ለጥምቀት የሚወጣውን ሰው አስቡት፤ ያን ያህል ነው።

አሁን ቁጥሮቹን ከ2020 ጋር አስተያዩ። ሜልተን-ሞ በ19 ነጥብ ተሸንፎ ያገኘው ከ68 ሺህ በላይ ድምፅ ነው። ሳሙኤልስ ከእሱ በብዙ ሺህ ያነሰ ድምፅ ይዞ ነው ሊያሸንፍ ለጥቂት የቀረው። ይህ እንዴት ይሆናል? የኢልሃን መራጮች ቤታቸው ስለቀሩ ነዋ! ከ103 ሺህ ወደ 57 ሺህ ወረደች። ስለዚህ «ሕዝቡ ጠልቷታል» የሚለው አባባል ግማሽ ልክ ነው። በፖሊሱ ጉዳይ የተቆጣ ሰው ነበር፤ አልክድም። ግን ከተቆጣው ይበልጥ የጎዳት ያልወጣው ነው። ታሸንፋለች፣ ምን ልሁን ብዬ ልሂድ ያለው ሰው።

የእስራኤል ሎቢ ገንዘብ የሚባለውስ?

ከኮንግረስ የመጀመሪያ ወሮቿ ጀምሮ አብሯት ያለ ጉዳይ ነው። በፌብሩዋሪ 2019 ፖለቲከኞች እስራኤልን የሚደግፉት ለገንዘብ ነው የሚያሰኝ ትዊት ጻፈች። አይሁዶችን ከገንዘብ ጋር የሚያያይዝ የድሮ ክፉ ሐሜት ነው ተብሎ የራሷ ፓርቲ መሪዎችም አወገዙት። ይቅርታ ጠየቀች። በሚቀጥለው ወር ምክር ቤቱ ጸረ አይሁድነትንና የሙስሊም ጥላቻን የሚያወግዝ ውሳኔ 407 ለ23 አሳለፈ፤ ስሟን ግን አልጠራም።

በ2024 ብዙ ሰው የጠበቀው ኤይፓክ የሚባለው እስራኤልን የሚደግፍ ድርጅት ሙሉ ኃይሉን ይዞ ይመጣባታል ብሎ ነው። በዚያ ሰመር ከዚሁ ድርጅት ጋር የተያያዘው የምርጫ ገንዘብ ቡድን ኒውዮርክ ላይ የኮንግረስ አባሉን ጀማል ቦውማንን በፕራይመሪ ለመጣል ከ14 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፈሰሰ። ሴንት ሉዊስ፣ ሚዙሪ ላይ ደግሞ የኮንግረስ አባሏን ኮሪ ቡሽን ለመጣል ከ8 ሚሊዮን በላይ። ሁለቱም ወደቁ። ቡሽ የወደቀችው የኢልሃን ምርጫ ልክ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው። ሚኒያፖሊስ ግን ያ ዓይነት ገንዘብ አልመጣም። ሳሙኤልስ በገንዘብ ከኢልሃን ብዙ ወደ ኋላ ቀርቶ ነው የተወዳደረው።

የገንዘብ ጥፋት ተገኝቶባታል የሚባለውስ?

በ2019 የሚኒሶታ የምርጫ ገንዘብ ቦርድ የስቴት ተመራጭ ሳለች የቅስቀሳ ገንዘብን ለማይፈቀድ ጉዞና ለግብር ሥራ አውላለች ብሎ ወደ 3,500 ዶላር እንድትመልስ አዘዘ፤ 500 ዶላርም ቀጣት። በኋላ ደግሞ ቅስቀሳዋ ለባለቤቷ የማማከር ድርጅት በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር መክፈሉ ብዙ አነጋገረ። ሕጉ አይከለክልም፤ ለዓይን ግን ጥሩ አልነበረም። ከ2020ው ምርጫ በኋላ ውሉን አቋረጠች።

ከውጭ ጉዳይ ኮሚቴ የተባረረችው ለምንድን ነው?

በፌብሩዋሪ 2023 ሪፐብሊካኖች ምክር ቤቱን ሲይዙ በእስራኤል ላይ የተናገረችውን ጠቅሰው 218 ለ211 በሆነ ድምፅ አስወጧት። ዴሞክራቶቹ በቀል ነው አሉ፤ እነሱ ሥልጣን ላይ ሳሉ ሁለት ሪፐብሊካኖችን ከኮሚቴ አስወጥተው ነበርና።

እኛን የሚመለከተን ሌላው ጎን ነው። በዚያ ኮሚቴ ሥር ባለው የአፍሪካ ንዑስ ኮሚቴ የዴሞክራቶቹ መሪ ትሆናለች ተብሎ ይጠበቅ ነበር። ቀደም ሲል በ2019 ከካሊፎርኒያዋ ተመራጭ ኬረን ባስና ወላጆቹ ኤርትራውያን ከሆኑት ከኮሎራዶው ጆ ነጉሴ ጋር አስመራ ሄዳለች። ብንወዳትም ብንጠላትም፣ የእኛን ቀጠና ካርታ ሳታይ የምታውቅ ሰው ከዚያ ጠረጴዛ ተነሳች።

የ2024ቱ የሶማሊኛ ንግግርስ? ኢትዮጵያን ተናግራለች አይደል?

ይህን ጥያቄ ነበር የምጠብቀው። በጃንዋሪ 1፣ 2024 ኢትዮጵያና ሶማሊላንድ የባሕር በር የመግባቢያ ስምምነት ፈረሙ። በዚያው ወር መጨረሻ ኢልሃን ሚኒያፖሊስ ውስጥ ለሶማሌ ማኅበረሰብ በሶማሊኛ ንግግር አደረገች። እንግሊዝኛ የተጻፈበት ቪዲዮ በአንድ ሌሊት ዓለምን አዳረሰ። «ከአሜሪካ በፊት ሶማሊያ» ያለች የሚያስመስል ትርጉም ነበር። ሪፐብሊካኖች ትባረር አሉ፤ ማርጆሪ ቴይለር ግሪን የውግዘት ሐሳብ አቀረበች። የትም አልደረሰም።

ቋንቋውን የሚያውቁ ሌሎች ሰዎች ሲተረጉሙት ትርጉሙ የተዛባ ሆኖ ተገኘ። ይህ ማለት ግን ለስምምነቱ ለስላሳ ነበረች ማለት አይደለም። ተቃውማዋለች፤ የሶማሊያ ባሕር እንዳይወሰድ አሜሪካ ላይ ተጽዕኖ እንደምታደርግም ተናግራለች። ይህ ያናደደው ኢትዮጵያዊ ሊናደድ ይችላል፣ መብቱ ነው። የሚናደደው ግን ባለችው ነገር ይሁን፤ ባላለችው አይሁን።

ምርጫውንስ ጎዳት? ቁጥሩ አይልም። ኦገስት 13 ከሳሙኤልስ ጋር ሁለተኛ ጊዜ ገጠሙ። 56 ለ43 አሸነፈች። በ2022 ልዩነቱ ሁለት ነጥብ ነበር፤ አሁን 13 ሆነ። ኖቬምበር ላይ ኢራቅ ተወልዳ ያደገችውን ጋዜጠኛ ዳሊያ አል-አቂዲን በሰፊ ልዩነት ረታች። ከ2022 ድንጋጤ በኋላ በር ማንኳኳቱን አጥብቃ ይዛዋለች። የፖሊሱም ጉዳይ ቀዝቅዞ ነበር። የባሕር በሩ ነገር ለእኛ ትልቅ ነው፤ ለሪችፊልድ ነዋሪ ግን ወሬም አይደለም።

ዴሞክራት ሳልሆን ኦገስት ላይ መምረጥ እችላለሁ?

ትችላላችሁ። ሚኒሶታ ውስጥ ማንም ሰው በፓርቲ አይመዘገብም። በኦገስቱ የድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ፓርቲዎቹ በየዓምዳቸው ይቀመጣሉ። አንዱን ዓምድ መርጣችሁ እዚያው መቆየት ነው። ከሁለቱም ዓምድ ከቀላቀላችሁ የፓርቲው ድምፅ ይበላሻል። የየትኛውን ፓርቲ ዓምድ እንደሞላችሁም ማንም አያውቅም።

እንግሊዝኛ ለሚከብዳቸው ወላጆቼስ ምን አለ?

የስቴቱ ጽሕፈት ቤት ስለ ምርጫ በአማርኛ መረጃ ያወጣል፤ በኦሮምኛና በሶማሊኛም እንዲሁ። እናታችሁ የሚረዳቸውን ሰው ይዘው መግባት ይችላሉ፤ አሠሪያቸውና የሠራተኛ ማኅበር ተወካያቸው ብቻ አይሆኑም። ከምርጫው 46 ቀን በፊት ጀምሮ አስቀድሞ መምረጥም አለ። ጉልበታቸው ደክሞ ለሰልፍ የማይመቻቸው በፖስታ ይላኩት።

ያልተመዘገበ ሰው በምርጫው ዕለት አድራሻውን የሚያሳይ ነገር ይዞ ሄዶ እዚያው ይመዘገባል። ማስረጃ ከሌለው በዚያው ምርጫ ጣቢያ ሥር የተመዘገበ ጎረቤቱ ሊመሰክርለት ይችላል። ጣቢያዎቹ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ምሽቱ ሁለት ክፍት ናቸው። ለመምረጥ ከሥራ የወጣችሁበት ሰዓት በሕግ ይከፈላችኋል፤ የኦገስቱም ምርጫ ይጨምራል። «አለቃዬ አይፈቅድም» የሚለውን እዚህ ስቴት አትበሉ።

ግሪን ካርድ ነው ያለኝ። ምን ማድረግ እችላለሁ?

መምረጥ አይቻልም። በር ማንኳኳት፣ ስልክ መደወል፣ ስብሰባ ላይ መጮህ ይቻላል። ገንዘብ መስጠትም ለግሪን ካርድ ባለቤት በፌደራል ሕግ የተፈቀደ ነው። መንጃ ፈቃድ ስታወጡ ግን ተጠንቀቁ። ለመራጭነት የሚመዘግብ ወረቀት ሲቀርብላችሁ ዜጋ ነኝ የሚለውን ሳጥን ሳታነቡ አትሙሉት፤ አትፈርሙበትም። ዜጋ ሳይሆኑ መመዝገብና መምረጥ ከአገር ሊያስባርር ይችላል። ያልገባችሁ ነገር ካለ ወረቀቱን ሳትሞሉ መልሱትና የስደተኞች ጉዳይ ጠበቃ ጠይቁ።